ፓወር ሳፕላዩ ጥፋት የለበትም

የምስክር ስም፦ ኦውቲ ካርቪነን
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የኮምፒውተር ዕቃ እየፈተሸች ለመጽሔት የምትጽፍ
አድራሻ፦ ፊንላንድ፣ ኮትካ ከተማ፣ የወደብ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 14
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ሰኞ ማርች 18 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ኮትካ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ኢልካ ቱርፔይነን

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት በሚገኘው የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ ቅዳሜ ማርች 9 ቀን ስለደረሰው ቃጠሎ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠርቼ ቀርቤያለሁ። በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኛል። ይህ ከእኔ ይልቅ ረቡዕ ዕለት እጃቸውን ላወጡት አሥራ አንድ የክበቡ አባላት ቢነገር ይሻል ነበር ብዬ መልሻለሁ፤ መልሴ እንዲጻፍልኝ ስለጠየቅሁም ተጽፏል።

ሥራዬ ፓወር ሳፕላይ መፈተሽ ነው። ፓወር ሳፕላይ ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች እንደየአቅማቸው የሚያከፋፍል ሣጥን ነው። ቃጠሎውን አስነሳ የተባለው ባለ 1300 ዋት ሲሆን ገመዶቹ በሙሉ ከሣጥኑ የሚነቀሉና የሚሰኩ ናቸው። ለፍተሻ የላኩልኝ ላህቲ ከተማ ያሉት አስመጪ ወይዘሮ ግሬታ ሊንድሩስ ናቸው። ሁለት ሳምንት ያህል አሠቃይቼዋለሁ። ሙሉ ጭነት አሸክሜ በሙቀት ውስጥ አውዬዋለሁ፤ አደጋ ሲመጣ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ለማየትም ሆን ብዬ ሽቦ አጋጭቼበታለሁ። በእኛ ሕንፃ ቅዳሜ ማታ ሁሉም ቤት ሳውናውን፣ ማለትም የላብ መታጠቢያ ክፍሉን፣ ሲያሞቅ መብራቱ ይደክማል። እኔ የመጨረሻውን ፍተሻ የማደርገው ያን ሰዓት ጠብቄ ነው። ይህኛው ንቅንቅ አላለም። ከአሥር ዘጠኝ ሰጠሁት። አንዷን የቀነስኩት ማራገቢያው ሲፈጥን ስለሚያጓራ ነው። ወይዘሮ ሊንድሩስ ለዚያች አንድ ነጥብ በስልክ ግማሽ ሰዓት ጨቀጨቁኝ። ሴትዮዋን አልወዳቸውም። ለእሳቸው ብዬ እንደማልመሰክር እንዲታወቅ ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ፍተሻው ሲያልቅ ዕቃው በእሳቸው ፈቃድ ለክበባችን ትልቁ ኮምፒውተር ተሰጠ። እንዲገጥመው የታዘዘው የሕንፃው ጥገና ሠራተኛና የክበቡ አባል የሆነው ታናሽ ወንድሜ ያርኮ ካርቪነን ነው። በዕለቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የቃጠሎው ሽታ መሥሪያ ክፍሌ ድረስ መጣ። ስደርስ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፣ ያርኮ መስኮቱን ከፍቶ ያስላል። አራቱም ሃርድ ዲስኮች ተቃጥለዋል፣ መጋረጃውም ከጫፉ ጠቁሯል። በዲስኮቹ ውስጥ ክበቡ ሃያ ዓመት የቀረጸው የወደቡ ፊልም ነበር። ሌላ ቅጂ ይቀመጥ ተብሎ በየስብሰባው ይወራል እንጂ ያስቀመጠ አልነበረም። ክሬን ነጂ የነበረው አባታችን ስለ ሥራው ሲያወራም እዚያው ውስጥ ነበር። ድምፁ ሌላ የትም የለም። አልቅሻለሁ። ያርኮም አልቅሷል።

ከዚያ የክበቡ ሊቀመንበር ፔንቲ ሆስካ ባለበት ፓወር ሳፕላዩን ወደ መሥሪያ ክፍሌ ወስጄ እንደገና ፈተሽኩት። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ አንድ ሰዓት ሲሠራ ምንም አልተዛባም። ቀጥዬ ከሃርድ ዲስኮቹ ላይ የነቀልኩትን ገመድ አየሁ። አብሮት የመጣው ገመድ አልነበረም። አብሮት የመጣው በከረጢቱ እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የተሰካው ከገመድ ሣጥናችን የወጣ አሮጌ ገመድ ነው። በክበባችን ገመድ አይጣልም። ኮምፒውተሩ ቢሞት፣ ባለቤቱም ቢሞት፣ ገመዱ አንድ ቀን ይፈለጋል ተብሎ ሣጥን ውስጥ ይገባል።

የእነዚህ ገመዶች ጣጣ ጫፋቸው መመሳሰሉ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ገመድ በሌላው ፓወር ሳፕላይ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፤ የውስጥ ሽቦዎቹ አሰላለፍ ግን ይለያያል። አምስት ቮልት የሚጠብቀው ሃርድ ዲስክ አሥራ ሁለት ይመጣበትና ያበቃለታል። ይህን ለክበቡ ራሴ አስተምሬያለሁ፤ ያርኮም ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ፓወር ሳፕላዩ ችግሩ እንደተፈጠረ ራሱን አጠፋ። ባያጠፋ ኖሮ ዛሬ ስለ መጋረጃ አናወራም ነበር። ሕንፃውን አድኖ ጥፋተኛ ተባለ፤ እጁ አመድ አፋሽ ሆነ።

ገመዱ የማን እንደሆነ ተጠይቄያለሁ። ከመመለሴ በፊት መርማሪው በወንድሜ ላይ ያለመመስከር መብት እንዳለኝ ነግሮኛል። መብቱን አውቀዋለሁ፤ አልጠቀምበትም። ገመዱ በሰማያዊ የዓሣ ማጥመጃ ክር ታስሯል። በክበባችን ገመድ እንዲህ የሚያስር ያርኮ ብቻ ነው። አስተሳሰሩን ያስተማረው አባታችን ነው።

ረቡዕ ማርች 13 ቀን ክበቡ ተሰበሰበ። ፔንቲ ነገሩን ሳያድበሰብስ አስቀመጠው። ዕቃው ብልሹ ነው ከተባለ የአስመጪዋ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ክበቡም ክፍሉን አይለቅም። የሰው ቸልተኝነት ነው ከተባለ ግን የሕንፃው ማኅበር ክበቡን ያስወጣል፣ ያርኮንም ከሥራ ያሰናብታል። ወይዘሮ ሊንድሩስ ብልሹ ዕቃ ሸጡ ከተባለ ሱቃቸውን እንደሚዘጉ ያነሳ ሰው አልነበረም። ገመዱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፔንቲም «ኦውቲ፣ ገመድ ገመድ ነው። ዝም ብትዪ ማን ይጎዳል?» አለኝ።

«ሴትዮዋ ትጎዳለች» አልኩት።

«አትወጃትም እኮ።»

«ብወዳትማ አሥር ከአሥር እሰጣት ነበር።»

የሳቀ የለም። አንዱ ከኋላ ሆኖ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው የሚባለው። አንቺ ከሣጥን ተዛመድሽ?» አለኝ። ጥፋቱ የፓወር ሳፕላዩ ነው ይባል ለሚለው አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ያርኮ ያወጣው ከሁሉም በኋላ ነው፣ ወደ እኔም አላየም። የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠየቅሁ። ፔንቲ «ለወንድምሽ ስትዪ ተዪው» ቢለኝም ጽፎ እስኪጨርስ ካፖርቴን አልለበስኩም።

ቅዳሜ ማርች 16 ቀን እንደወትሮው ከያርኮ ጋር ሳውና ገባን። ይቀራል ብዬ ነበር፤ መጣ። ሳውና ውስጥ ክርክር አናነሳም፣ ስለዚህ ላባችንን ብቻ አወጣን። ልብሳችንን ስንለብስ «እህትዓለም፣ ከረጢቱን የምቀድበት መቀስ አጥቼ ነው» አለኝ። የሃያ ዓመት ፊልምና የአባታችን ድምፅ የጠፋው በመቀስ እጦት ነው። ልሳቅ ወይስ በጥፊ ልበለው ብዬ ቆምኩ።

«ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ስለ እኔ ልትነግሪያቸው?»

«ስለ ገመዱ ልነግራቸው። የማን ነው ካሉኝ ግን አልዋሽም።»

«ሥራዬን አጣለሁ እኮ።»

«ታጣ ይሆናል። እኔ ግን ያላጠፋውን አጠፋ አልልም። መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ፤ ብትመጣም ባትመጣም እሄዳለሁ።»

በሩን በላዬ ላይ ዘግቶ ወጣ።

ትናንት እሑድ ደግሞ ወይዘሮ ሊንድሩስ ደወሉ። ምን ልመሰክር እንደሆነ ሰምተው «እንግዲያው አሁን አሥር ይገባዋል» አሉኝ። አይገባውም። ማራገቢያው ዛሬም ያጓራል። ዘጠኝ ነው ብያቸው ስልኩን ዘጋሁ።

ዛሬ ጠዋት ስወርድ ያርኮ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ «አንቺ ቅደሚ። እኔ ስገባ መዋሸት እንዳልችል» አለኝ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የጨመርኩበትም ያስቀረሁትም የለም። ፍርድ ቤት ቢጠራኝም የምለው ይህንኑ ነው፤ በድምፅ ብልጫ የሚለወጥ አይደለም። እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኦውቲ ካርቪነን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ኢልካ ቱርፔይነን

ቀጥሎ ቃሉን የሚሰጥ፦ ያርኮ ካርቪነን፣ ዕድሜ 49፣ መጥሪያ ሳይደርሰው በራሱ ፈቃድ የቀረበ።