ባለቤት ያላት ዳዶ

በእኛ ጊዜ ጎማ የሚያስረው ዳዶ የሚመረጠው በዓይን አልነበረም፣ በጆሮ ነበር። አትሳቅ ይበልጣል! የእህቴ ልጅ ሆነህ ነው እንጂ ነገ በዚያች ሚኒባስህ አሥራ ሁለት ሰው ጭነህ ዓባይን ልትወርድ ይኼን የሚያብረቀርቅ ዳዶ ገዝተህ ስትመጣ በኩርኩም ነበር የምቀበልህ። እስቲ ወዲህ በለው። አንቺም ወጌን የምትጽፊው ልጅ፣ ይኼንን ጻፊ፤ ላዩ የተለበጠ ቆርቆሮ ነው፣ ውስጡ ሌላ ብረት ነው። እና ዝናብ ሲገባበት ቆርቆሮው ያብጣል፣ ካበጠ ቁልፍ አይይዘውም፣ ታዲያ ጎማህ መንገድ ላይ ሲተነፍስ ቆመህ ታለቅሳለህ።

«ሻጩ እኮ አይዝግም ብሎኛል ጋሼ።»

አይዝግም! እሱ ዓባይን አይወርድ፣ ምን ቸገረው?

ታዲያ እኛ ዳዶ ስንገዛ በክር እናንጠለጥልና በምስማር መታ እናደርገዋለን። የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ ደወል ታውቁ የለ? ድንጋይ ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ግን አንዱ ሲመቱት ይዘምራል፣ አንዱ ዱዳ ነው። ብረትም እንደዚያው። ጤነኛው ዳዶ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው «ጠቅ» ብሎ ይቀራል። እኔ በዚህ ጆሮዬ እመካ ነበር። እና ይኸው ጆሮዬ ሊገድለኝ ነበር።

ያኔ አንዲት የጭነት መኪና ነበረችኝ። ከአምበር ጤፍ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ክረምት ነው፣ ደጀን ላይ ወርጄ ጎማ ሳይ ከፊት ግራው አንድ ዳዶ የለም። የት እንደወደቀ እንጃ። ታዲያ ከከተማው መውጫ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጆንያ ላይ አሮጌ ዳዶ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከኪሴ ክርና ምስማር አወጣሁ፣ አንድ በአንድ መታሁ። ዱዳ፣ ዱዳ፣ ዱዳ። ከዳር ግን ቀይ ቀለም የተቀባች አንዲት ነበረች። ከባድ ናት። መታ ባደርጋት፣ እናንተ! ድምጿ አያልቅም። ጨብጫት እንኳ መዳፌ ውስጥ ትዘምራለች።

«እሷን ተዋት» አሉኝ ሽማግሌው።

«ለምን አባቴ?»

«ባለቤት አላት።»

«ባለቤቷ የት አለ?»

በአገጫቸው ቁልቁለቱን አሳዩኝ። ጉም ነው፣ ምንም አይታይም። እኔ ዋጋ ሊያስወድዱ መስሎኝ ሳቅሁ፣ ብሩን ጆንያው ላይ አስቀመጥሁና ወሰድኋት። ብሩን አላነሡትም።

እና አፏን አይቻለሁ፣ ጠፍጣፋ ነው። ጎማውን የሚሸከመው የቸርኬ ብረት ቀዳዳ ደግሞ ሾጣጣ ነበር፣ ሾጣጣ ቀዳዳ ሾጣጣ አፍ ነው የሚፈልገው፣ ያኔ ነው ዳዶው ገብቶ የሚቀመጠው። ይኼን አውቃለሁ! ግን ድምጿ አሳወረኝ። አጥብቄ አሰርሁና ወረድሁ።

ታዲያ ጉሙ ውስጥ ትንሽ እንደ ሄድሁ፣ ቅጭል። ጎማው በዞረ ቁጥር ቅጭል፣ ቅጭል። ቆምሁ፣ ወርጄ በቁልፍ ብሞክራት ጥብቅ ናት። ተነሣሁ፣ ቅጭል። ደግሞ ቆምሁ፣ ጥብቅ ናት። በሦስተኛው ስወርድ የለችም። ቦታዋ ባዶ ነው። ሞተር አጠፋሁ። ዝም! ወፍ የለ፣ ዝንጀሮ የለ። እና ከፊቴ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቅጭል። መኪናው ቆሟል እኮ!

«ወድቃ እየተንከባለለች ይሆናላ ጋሼ፣ ቁልቁለት አይደል?»

እኔም እንደዚያው ብዬ በእግሬ ተከተልኋት። ግን የሚንከባለል ነገር ይሮጣል። እሷ እኔ ስቆም ትቆማለች፣ ስራመድ ትጀምራለች። እንዲህ እያልን አንድ መታጠፊያ ደረስን። የመንገዱ ዳር መከለያ ተሰብሯል፣ የቆየ ስብራት ነው፣ ሣር በቅሎበታል። እሷ ከገደሉ አፋፍ ድንጋይ ላይ ናት፣ ሰው እንዳስቀመጣት ቀጥ ብላ። አነሣኋት። ትሞቃለች። በዚያ ብርድ!

ወደ መኪናው ተመልሼ የቀሩትን ዳዶዎች ብነካ በጣቴ ዞሩ። ሁሉም! አንዷ አልቀመጥ ስትል ጎማው እየተወዛወዘ ሌሎቹን አላልቷቸዋል። ያንን መታጠፊያ በመኪና ደርሼው ቢሆን ዛሬ ማን ያጫውታችሁ ነበር?

ታዲያ የቀሩትን አጥብቄ፣ ዞሬ፣ እያዘገምሁ ደጀን ተመለስሁ። ሽማግሌው እዚያው ናቸው፣ ብሬም እዚያው ጆንያው ላይ ነው። ዳዶዋን ሰጠኋቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ጭቃዋን ጠረጉላት፣ እንደ ሕፃን አፍ።

«ከልጄ መኪና የተረፈችው እሷ ብቻ ናት» አሉኝ።

«ታዲያ ከሚሸጠው ጋር ለምን ያኖሯታል?»

«እኔ አላኖርኋትም። ቤት ነው የማስቀምጣት። ጠዋት ጆንያውን ስዘረጋ እዚህ አገኛታለሁ።»

«ከእኔ በፊት የወሰዳት አለ?»

«ሁለት ሹፌሮች።»

«መለሷት?»

«እነሱ አልተመለሱም» አሉ። «እሷ ግን ተመልሳለች።»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን መጨረሻ ነው የምሰማው። መጀመሪያ ዳዶው ድፍን ብረት ይሁን፣ አፉ ከቸርኬህ ቀዳዳ ይግጠም፣ ጥርሱ ያለ ቁልፍ፣ በእጅህ ብቻ፣ እስከ ሥሩ ይግባ። ከዚያ በመስቀል እያፈራረቅህ አጥብቀው፣ ዓባይን ከመውረድህ በፊት አምበር ስትደርስ ቁምና ደግመህ አጥብቅ። ተሳፋሪው ያጉረምርም! እስቲ አሁን ያንተን አንጠልጥልና ምታ። ጠቅ። ሌላውንስ? ጠቅ። ሰማህ ይበልጣል?

«እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። ነገ ሱቅ እስኪከፈት ጠብቄ ድፍኑን እገዛለሁ። ተሳፋሪው ይቆየኝ።»

ተባረክ! ሃ ሃ ሃ! አሁን የእህቴን ልጅ መሰልህ። በል በቃ፣ ምስማሬን መልስልኝ።

ቆይ። ይቺኛዋስ ጥሩ ድምፅ አላት፣ አያልቅም። የትኛዋ ናት? በቃ ብዬህ የለ፣ ምን ያስመታሃል?

«ጋሼ... ምስማሩ እኮ በእርስዎ እጅ ነው።»