ጎማ በእርግጫ አይለካም

«ጎማ በእርግጫ አይለካም፣ ጋሼ!»

«እኔ እየረገጥኩ ስንቴ ሞምባሳ ደርሼ ተመልሻለሁ።»

ከኢስትሊ ወደ መሃል ከተማ በሚሄደው ማታቱ ታክሲ ውስጥ እንደኔ ተሳፍረው ከፊቴ የተቀመጡት አንድ የሚኒባስ ባለቤትና ሹፌራቸው የሆነች ወጣት ናቸው።

«ነገ መዘምራኑን ሞምባሳ የማደርሰው እኔ ነኝ። የጎማ ንፋስ መለኪያ ሳልገዛ አልነቃነቅም።»

«ጎሚስታው አለው አይደል?»

«የሱ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ይውላል። አንዱን ጎማ ሁለቴ ቢለካ ሁለት ቁጥር ይሰጣል።»

«የሱቁ እንደማይዋሽ በምን ታውቂያለሽ?»

«በሻጩ መኪና ጎማ ላይ ደጋግሜ እሞክራለኋ! ቁጥሩ የማይለዋወጠውን እገዛለሁ።»

«ያባርርሻል!»

«ያባርረኝ። ሌላ ሱቅ ሞልቷል።»

«እኔም ሌላ ሹፌር ሞልቶኛል!»

«ይኸው የሚኒባሱ ቁልፍ። ለመዘምራኑ ግን ጎማቸው በምን እንደተለካ እነግራቸዋለሁ።»

ቁልፉን ጉልበታቸው ላይ ጥላ «ሹኪሻ!» ብላ ወራጅ መሆኗን ለረዳቱ ነገረችና ታክሲውን አስቁማ ወረደች።

በሩ ጓ ብሎ ሲዘጋ፣ እኔ ከወንበሬ ሥር የሚሽከረከረውን ጎማ ማዳመጥ ጀመርኩ።