በየጋዜጣው መሃል የገባችው ብጣሽ ወረቀት

የተከበራችሁ የእትዬ ቤተሰቦች፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ ስማቸውን ሰምታችሁ ከሩቅ የመጣችሁ አንባቢዎች። እናንተም በመሥሪያ ቤቱ ሁለት መኪና ተጭናችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቼ። እንደምን ዋላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የጋዜጣው አራሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬአለሁ። ዛሬ ጠዋት ዋና አዘጋጃችን፣ እዚያ የአበባ ጉንጉኑ አጠገብ የቆሙት፣ እዚህ የምናገረውን በአንድ ገጽ አጽፈው ሰጡኝ። አነበብኩት። «የቤት ዘዴ ዓምዳችን እናት» ይላል። «ጋዜጣችን እስከ መጨረሻው ሲያከብራቸው የኖረ» ይላል። የፊደል ግድፈት የለበትም። እውነትም የለበትም። ስለዚህ አላነበውም።

እትዬ ማን ነበሩ?

ጋዜጣው ቤት የገቡት በታይፒስትነት ነው። ባላቸው ሞተው፣ ይቺን ፊት ለፊቴ የቆመችውን ልጃቸውን በአንድ እጃቸው እያሳደጉ። ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ተቀምጠው የትልልቆቹን ጽሑፍ ይመቱ ነበር። አንድ ሐሙስ ከገጽ አምስት አንድ ማስታወቂያ ተሰረዘ። ከታች መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ ቀረች። ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል። ዋና አዘጋጃችን ኮታቸውን እየለበሱ «የሆነ ነገር ይግባበት፤ ማንም አያነበውም» ብለው ወጡ።

እትዬ የሆነ ነገር አስገቡበት። ቧንቧው ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ የነሳው ሰው ምን ያድርግ? ከቧንቧው አፍ ላይ ክር ይሰር። የክሩን ጫፍ ባልዲው ውስጥ ይልቀቀው። ጠብታው ክሩን ይዞ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ጠጋኙ እስኪመጣም ሰው ይተኛል። ስድስት መስመር ናት።

በሳምንቱ ደብዳቤ ጎረፈ። በርዕሰ አንቀጹ ላይ መሰላችሁ? ርዕሰ አንቀጹን አንብቦ የጻፈ አንድ ነፍስ አልነበረም። ሁሉም ስለ ክሩ ነው። አንዷ «ከስንት ጊዜ በኋላ ተኛሁ» ትላለች። አንዱ «ባለቤቴ ክሩን ሳስር አይታ ሳቀች፤ ከሳቀች ቆይታ ነበር» ይላል። እኔ ነኝ ያረምኳቸው። ለማተም አልነበረም፤ ለማንበብ ብዬ ነው።

ዓምዱ እንዲህ ተወለደ። ሌላ ማንም አልወለደውም፤ እሳቸው ናቸው። እናንተ ባልደረቦቼ ግን ምን አላችሁ? ከዓምዳቸው ኮምጣጤ ስለማይጠፋ «እመት ኮምጣጤ» አላችኋቸው። ስሙን ያወጣው የስፖርት አዘጋጁ ነው፤ ዛሬ ጥቁር ክራቫት አስሮ ከኋላ ቆሟል። በኮሪደሩ ሲያልፉ አፍንጫ ይያዝ ነበር። እትዬ ይሰሙ ነበር? ይሰሙ ነበር። ጆሯቸው ደህና ነበር።

ደግሞ የሳቀው ሁሉ በኋላ በር ይመጣል። ዋና አዘጋጃችን አንድ ቀን የሸሚዛቸው ኪስ ላይ እስክሪብቶ ፈሶባቸው ወደ እትዬ ጠረጴዛ መጡ። ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እትዬ ከሥሩ ጨርቅ አድርገው፣ ጥጥ በአልኮል ነክረው፣ ሳያሹ ቀስ እያሉ ጠቅ ጠቅ አደረጉት። ለቀቀ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። እኚሁ ሰው፣ ያንኑ ሸሚዝ ለብሰው፣ «ይቺ የኩሽና ገጽ መቼ ነው የምትነሳልን?» አሉ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ልደብቃችሁ አልፈልግም።

የኩሽና ገጽ! ጉልበት መቆጠብ ተራ ነገር የሚመስለው ጉልበቱ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። ቤታችሁ ድስቱን ማን ነው የሚፈትገው? አንሶላውን ማን ነው የሚጨምቀው? እናንተ ስለ አገር ኢኮኖሚ ሁለት ገጽ ስትጽፉ፣ የቀረች ቁራጭ ሳሙና ሳትጥል በአሮጌ ካልሲ ሰብስባ ልብስ የምታጥበው ማን ናት? እትዬ ለእሷ ይጽፉ ነበር። ለእናንተ የሚጽፍ ሞልቷል፤ እናንተው ትጽፋላችሁ፤ እናንተው ታነባላችሁ።

አንድ ጠዋት ሻይ ማፍያዋ ክፍል ስገባ ጭስ ሞልቷታል። እትዬ ድስት እያሳረሩ ነው። ሆን ብለው።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«አንዲት አንባቢ የጨው ውሃ ያረረ ድስት ያስለቅቃል ብላ ጽፋልኛለች። ሳላሳርረው በምን አውቃለሁ?»

ጨው ጨመሩ፣ አፈሉ፣ አሳደሩ። አላስለቀቀም። በዓምዳቸው አላወጡትም። ለሴትዮዋ ግን በእጃቸው ጽፈው መለሱላት፤ የእኔ ድስት ምናልባት የባሰበት ይሆናል ብለው። ድስቱ የራሳቸው ነበር። ልጃቸው ታውቀዋለች፤ እስካሁን ቂጡ ጥቁር ነው።

እንዲህ ያሉ ሴት ነበሩ። አሁን የተደረገባቸውን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ «ጡረታ ወጡ» ተብላችኋል። ጡረታ አልወጡም።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። እህታቸው ታማ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ሆነና እትዬ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰዱ። የሁለቱንም ሳምንት ጽሑፍ አዘጋጅተው፣ በክሊፕ አስረው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ነው የሄዱት። በሁለተኛው ሳምንት የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊው ከአንድ የበረኪና ፋብሪካ የተጻፈ ወረቀት ይዞ መጣ። ፋብሪካው ትልቅ ደንበኛ ነው። ወረቀቱ ምን ይላል? በረኪናና ኮምጣጤ እኩል ደባልቁ፣ መታጠቢያ ቤት አፍስሱ፣ በሩን ዝጋችሁ ጠብቁ፣ ያበራል። የእትዬ ጽሑፍ ወጣ፤ ይኼ ገባ። በእሳቸው ዓምድ፣ በእሳቸው ስም።

በረኪናና ኮምጣጤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ይወጣል። ይኼን እትዬ ቀደም ብለው ጽፈውት ነበር። ያን ጽሑፍ ያረምኩት እኔ ነበርኩ።

የፋብሪካውም ወረቀት በእኔ ጠረጴዛ አለፈ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። አንብቤዋለሁ፤ ገብቶኛል። ከማስታወቂያ ክፍል ጋር ማን ይጣላል ብዬ ዝም አልኩ። «ደባልቁ» የሚለው ቃል ላይ «ል» ጎድላ ነበር። ፊደሏን ጨመርኩ። ፈረምኩ። ምሳ ሄድኩ።

እስቲ ወደዚያ ዛፍ ተመልከቱ። ግራጫ ሹራብ የለበሰችውን ታያላችሁ? ያን ጊዜ የአንድ ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። በአንድ ጠዋት ዘጠኝ መጸዳጃ ቤት ታጸዳለች። የእትዬን ዓምድ እየቀደደች በደብተር ትለጥፍ ነበር። ያን ሳምንትም ቀደደች። መስኮት በሌለው መጸዳጃ ቤት ደባለቀች። ተጽፏልና በሩን ዘጋች። የፎቁ ዘበኛ ሳሏን ሰምቶ በሩን ባይሰብር ኖሮ ዛሬ የምንቆመው በሌላ መቃብር ላይ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። የቅድሙን ሳል ሰምታችኋል። ጉንፋን አይደለም።

ባሏ ቢሮ ደወለ። ስልኩን ያነሱት እትዬ ናቸው፤ ከፈቃድ የተመለሱበት ቀን ነበር። ሰውዬው የተሰማውን ሁሉ ተናገረ። እትዬ እስኪጨርስ ሰሙ። ከዚያ ያለፈውን ሳምንት ጋዜጣ አውጥተው አነበቡ። ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ሐኪም ቤት የሆነውን የነገረችኝ እሷው ናት። እትዬ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ በጭንቅ «እርስዎን አምኜ ነው» አለቻቸው። እትዬ ምን ይበሉ? እኔ አልጻፍኩትም ቢሉ ውሸት አልነበረም። አላሉም።

«አዎ» አሏት። «በስሜ ነው የወጣው።»

በማግስቱ ዋና አዘጋጃችን ዘንድ ገብተው ማስተካከያ ይውጣ አሉ። እኔ ገጽ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ዋና አዘጋጃችን ፋብሪካው ይቀየመናል አሉ። ደግሞም አንባቢ በሳምንቱ ይረሳል አሉ።

«ሳንባ አይረሳም» አሉ እትዬ።

ጋሼ ዋና አዘጋጅ፣ መነጽርዎን አያውልቁ፤ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ያስታውሱታል አይደል? ከዚያ ቀና ሳይሉ «በሩን ዘግተሽ ውጪ» ነው ያሏቸው። በዕድሜ የሚበልጡዎትን ሴት።

እትዬ ወደ ታይፕ ማሽናቸው ሄዱ። አራት መስመር ጻፉ። ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የወጣው አደገኛ ስህተት ነው፤ በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አትደባልቁ፤ የደባለቀ ካለ መስኮት ይክፈት፣ ከቤት ይውጣ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ማከፋፈያው ግቢ ሄደው በየጋዜጣው መሃል ሊያስገቡት ነው። አብረኸኝ ትሄዳለህ? አሉኝ።

«ልጆች አሉኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። ፊታቸውን አላጠቆሩም። «እንግዲያው አንብበህ እረምልኝ።»

አረምኩ። በሬን ዘግቼ፣ እንደ ሌባ።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻቸውን ሄዱ። ፎቶ ኮፒ ያስደረጉትን ወረቀት በሁለት ዘንቢል ይዘው። ግቢው ውስጥ ጋዜጣ አዟሪዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። ሥራ አያስፈቱን ብለው ተቆጧቸው። እትዬ ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እስር ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ አዟሪ ብጣሿን አንስቶ አነበበ። ሚስቱ ሰው ቤት እያጸዳች ነው የምታድረው። አጠገባቸው ተቀምጦ ማስገባት ያዘ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ ግቢው በሙሉ ያስገባ ነበር። እነዚህ ሰዎች መማር ያልቻሉ ናቸው፤ እኛ የተማርነው ቤታችን ተኝተን ነበር።

ሰኞ ተባረሩ። «ያለ ፈቃድ ጽሑፍ በማሰራጨት» ይላል ደብዳቤው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ደብዳቤውን ማን ያረመው ይመስላችኋል? ሌላ አራሚ አልነበረንም።

ዓምዱስ? ዓምዱ ቀጠለ። በስማቸው። የማስታወቂያ ክፍሉ እየጻፈው፣ ፋብሪካ እየከፈለበት። እትዬ ደግሞ ቤታቸው ሆነው ለሚጽፍላቸው ሁሉ በእጃቸው ይመልሱ ነበር። ጎረቤቶች፣ እናንተ ምስክር ናችሁ። ዚፕ የተበላሸበት፣ መሳቢያ አልከፈት ያለው፣ ማንቆርቆሪያው ድንጋይ የሠራበት በራቸውን ያንኳኳ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ በቀር ከጋዜጣው ቤት ያቺን በር ያንኳኳ አለ? እጁን ያንሳ እስቲ።

የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊው ወደ መኪናው እየሄደ ነው። ተዉት፣ ይሂድ። እሱ ከሄደ አየሩ ይጠራል። ጋሼም ካሰኘዎት ይሂዱ። ሰኞ ለእኔ የሚጻፈውን ደብዳቤ ግን ሌላ ሰው ፈልገው ያሳርሙ። እኔ አልገባም።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። ይኼ ለእናንተ አይደለም፤ ለእሷ ነው። እህቴ፣ ያቺን ፊደል የጨመርኩት እኔ ነኝ። መርዝ እንደሆነ እያወቅሁ አሳለፍኩት። እትዬ ያውቁ ነበር፤ ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ። ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «እኔ አልነግራትም፤ ያንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እቤታቸው አገኘሁሽ። ሻይ አብረን ጠጣን። ስታስዪ ውሃ አቀበልኩሽ። አልነገርኩሽም። እነዚህን ሰዎች እንዲህ ስንቃቸው እኔ ከእነሱ የምለይ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከሁሉም በላይ የምንቀው ይኼን የሚናገረውን ነው።

አንገትሽን ነቀነቅሽ። አየሁት። ምን ማለትሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ይቅርታሽንም በሰው ፊት አልለምንሽም። እንደዚያ ማድረግ አንቺን ማስገደድ ነው።

እትዬ።

የዛሬ አሥር ቀን ልጠይቅዎ ስመጣ ትራሱን ደግፈው ተቀምጠው ነበር። ስሞት አንተ ነህ የምትናገረው አሉኝ። ምን ልበል አልኩዎ። እውነቱን በል አሉኝ። ከዚያ አደራ አታርዝም አሉኝ፤ ቀብር ላይ የቆመ ሰው እግሩ ያብጣል፣ አሮጊቶች ይኖራሉ፣ ጠባብ ጫማ ያደረጉ ይኖራሉ።

እውነቱን ብያለሁ። አላሳጠርኩም፤ በዚህ ይቀየሙኝ።

ሰዎች፣ እነዚያን ከኋላ ያሉትን ወንበሮች ለአሮጊቶቹ አቅርቡላቸው።

ይረፉ፣ እትዬ። ደህና ይሁኑ።