ቤንዚን የገባበት ጉድጓድ

(ምንጃር፤ ከዓመት በፊት የቤንዚን ቦቴ ተገልብጦ በበከለው የቀበሌ ጉድጓድ አጠገብ፣ የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ወንድይራድና ጉድጓዱን በባክቴሪያ የምታጸዳው ተመራማሪ ትርሲት።)

ወንድይራድ፦ «ውኃው ንጹሕ ነው» ብለሽ ፈርሚልኝ፣ ልጄ። ሽታው ጠፍቷል፤ አንቺም አሽትተሻል።

ትርሲት፦ ጋሽ ወንድይራድ፣ በአፍንጫ አይፈረምም።

ወንድይራድ፦ ሴቶቹ ወንዝ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ሲሄዱ ዓመት ሆናቸው እኮ!

ትርሲት፦ አውቃለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ወንድይራድ፦ እንቁላሉ እስኪሄድ እኛ በጥም አለቅን! ባክቴሪያው ቤንዚኑን ይበላል አላልሽም?

ትርሲት፦ ብያለሁ፤ ይበላልም። ግን የቤንዚኑ ክፉ መርዝ ቀለበት ነው፤ ስድስት ካርቦን እጅ ለእጅ ተያይዘው። ባክቴሪያው መጀመሪያ ኦክስጅን ይጨምርበታል፣ ቀጥሎ ቀለበቱን ይሰብራል፣ ቁርጥራጩን የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው።

ወንድይራድ፦ እና ሰበረዋ!

ትርሲት፦ አልሰበረውም። መሐል ላይ ቆሟል። ካቴኮል የሚሉት ነገር ተጠራቅሟል፤ እንደ ቤንዚን አይሸትም እንጂ እሱም መርዝ ነው።

ወንድይራድ፦ ምን አቆመው? እንደ በሬ ለገመ?

ትርሲት፦ አየር አጣ። ለመስበርም ኦክስጅን ያስፈልገዋል። አየር የሚነፋው ሞተር ስንት ቀን ቆመ?

ወንድይራድ፦ አሥራ ሁለት... የሚያስነሳውን ጄኔሬተር ለጤና ጣቢያው ሰጠሁት። መብራት ጠፍቶ የሕፃናቱ ክትባት ሊበላሽ ነበር። አንቺ ብትሆኚስ?

ትርሲት፦ እሰጥ ነበር። ግን እደውል ነበር።

ወንድይራድ፦ ትከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ።

ትርሲት፦ ዛሬውኑ ያስመልሱት። ባክቴሪያው ምናልባት በወር ይጨርሰዋል። እስከዚያ ማንም እንዳይቀምሰው።

ወንድይራድ፦ ውኃ አሳስቆ ይወስዳል፣ ይል ነበር አባቴ።

ትርሲት፦ ማን ጠጣ?

ወንድይራድ፦ ጉድጓዱን እሑድ ከፈትኩት። ሰዉ ፈርቶ ዳር ቆመ። እንዲያምኑኝ ብዬ ልጄን ሙዳይን ፊታቸው አስጠጣኋት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ በሙሉ ይቀዳል።

ትርሲት፦ ሙዳይ? እርጉዟ?

ወንድይራድ፦ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል።

ትርሲት፦ እንሂድ! እሷን ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። ለሰዉም እነግራለሁ።

ወንድይራድ፦ ሙዳይን ውሰጂልኝ። ለሰዉ ግን የምነግረው እኔ ነኝ፤ የጠጡት አንቺን አምነው አይደለም፣ እኔን ነው።