አባይ ድንበር በሆነ ጊዜ

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በካሚዮን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ቄስ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ጠየቋት።

«ከየት ትመጫለሽ፣ ልጄ?»

«ከአባይ ማዶ፣ አባቴ። ልጄ ወልዳ አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር።»

«ጣሊያን አባይን ድንበር አድርጎ እኛን ለጎንደር፣ ማዶን ለሸዋ ሰጠ ይላሉ። እንዴት አሳለፉሽ?»

«ዘበኛው ‹የየትኛው ግዛት ሰው ነሽ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹የአራስ እናት ነኝ› አልኩት። ስቆ አሳለፈኝ።»

«ሕፃኑ ማንን ይመስላል?»

«አፍንጫው የማዶ፣ ዓይኑ የእኛ።»

«እሱን ለማን ሊሰጡት ነው እንግዲህ?»

«ለአያቱ ነዋ!»

አባይ ድንበር ሆነ ብዬ፣ ማዶ ሚስት ያጨሁለትን የልጄን ሰርግ እንዲያፈርሱ ለጋብቻው ለላክኋቸው ሽማግሌዎች ልነግር ደብረ ማርቆስ የምሄደው እኔ፣ ሉማሜ ላይ ወርጄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።