ኬላው ላይ ያቆሙት የእህቴ ልጅ

ከኦዳ ወደ ሞያሌ ከተማ በምትሄደው ማታቱ፣ የኬንያ ሚኒባስ፣ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነጋዴና አንዲት ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጅቷ የያዘችውን ወረቀት ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?»

«የስኮላርሺፕ ውል ነው፣ ሐጂ። መንግሥት ናይሮቢ ልኮ ያስተምረኛል፤ ስጨርስ በመደበኝ ቦታ አገለግላለሁ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?»

«ዛሬ ከተማ ትምህርት ቢሮው ሄጄ ካልፈረምኩ ያልፈኛል። ብፈርም ደግሞ የት እንደሚያቆሙኝ አላውቅም።»

«የእህቴን ልጅ እዚሁ ድንበሩ ኬላ ላይ አቆሙት።»

«እሱም በስኮላርሺፕ ተምሮ?»

«አዎ። ከድንበሩ ወዲህ ማንያታ ሰፈር ያለችው እናቱ ታማ፣ ልጠይቃት ከኢትዮጵያ በኩል ስመጣ ‹ኪታምቡሊሾ፣ ምዜ› ብሎ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ በስዋሂሊ መታወቂያ ጠየቀኝ። መታወቂያዬን ደግሞ ቤት ረስቼዋለሁ።»

«አላሳለፈዎትም?»

«መለሰኝ። አለቃው አጠገቡ ቆሞ ነበር።»

«የገዛ አጎቱን!»

«በማግስቱ መታወቂያዬን ይዤ መጣሁ። አሳለፈኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።»

«እናቱስ?»

«በሕይወት ደረስኩላት፤ ኋላም ዳነች። እሱ ግን እስከ ዛሬ እኔ ካለሁበት ማዕድ አይቀርብም።»

«ተቀይመውታል?»

«እኔማ ሥራው ነው ብዬ ትቼዋለሁ። እሱ ነው ራሱን ያልማረው።»

ልጅቷ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«እንግዲያው ይቅርብኝ?»

«ማን ይቅርብሽ አለ? ፈርሚ! እዚያ የሚቆም ሰው እንደሆነ አይጠፋም። ካልቀረ እንደ እሱ የሚያፍር ሰው ይቁምበት።»

መኪናው ከተማ ገብቶ ሁለቱም ሲወርዱ፣ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቢሮው ትታጠፍ እንደሆነ ለማየት አንገቴን በመስኮቱ አስግጌ ቀረሁ።