ሁለት ስም ያለበት ወረቀት

አቶ ኅሩይ ሰኞ ማለዳ ከዙሪክ ወደ ጄኔቭ በሚሄደው ባቡር ተሳፍረው በስልክ ይነጋገሩ ነበር። «መኪናውን ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ አቁምልኝ፤ ቤቱን ዛሬውኑ ባዶ እናደርገዋለን» ብለው ሲዘጉ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ወጣት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «እንደምን አደሩ አባቴ» አለቻቸው። አማርኛ የሚሰማ ሰው አጠገባቸው ይኖራል ብለው አልጠበቁምና መጀመሪያ ደንገጥ አሉ፣ ኋላ ደስ አላቸው።

ዲቦራ ትባላለች። ጄኔቭ ውስጥ በአንድ ውል አዋዋይ ቢሮ የውርስ ጉዳይ ትሠራለች፤ እሑድን ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር ባሉት ወላጆቿ ዘንድ አሳልፋ መመለሷ ነበር።

«ቤት ሊቀይሩ ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«የእኔ አይደለም ልጄ፤ ጄኔቭ የነበረችው የእህቴ የየሻረግ ነው። ካረፈች ዛሬ ሃያ ቀኗ። ባልም ልጅም አልነበራት፤ እናት አባታችንም አርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አቶ ኅሩይ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቃላቸው በማኅበር የሚከበር ሰው ናቸው። ስለዚህ ዐርብ ዕለት ባንክ ቤት የደረሰባቸው ነገር ከሆዳቸው አልወጣም። «መታወቂያ ሰጠሁ፣ የሞት ምስክር ወረቀቷን ሰጠሁ። ወራሽ መሆንዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ ያምጡ ብለው መለሱኝ! እኔ ታላቅ ወንድሟን! ባንኩ እምቢ ቢል ቤቷ እምቢ አይለኝም፤ ቁልፉ በእጄ ነው።»

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል?»

«በይ።»

«ዛሬ ዕቃውን አያንሡት። እዚህ አገር ወራሽ ውርሱን ለመተው ከፈለገ የሦስት ወር ጊዜ አለው። ንብረቱን እንደራሱ አድርጎ ማንሣት ከጀመረ ግን እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ ሟች የነበረባቸውም ግዴታ አብሮ ይመጣል። ኋላ ልተወው ቢሉ አይቻልም።»

«ይኸ የፈረንጅ ሕግ ነው። በእኛ ወግ ታላቅ ካለ ታላቅ ይበቃል። የቤተሰብን ጉዳይ ቢሮ ለቢሮ ማዞር ነውር ነው።»

«አገር ቤትስ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይሰጥ የለም እንዴ? ሟች ተነሥተው ወንድሜ ነው ሊሉልዎ አይችሉም፤ በእሳቸው ፈንታ ወረቀቱ ይናገራል። የወራሾቹም ሁሉ ስም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ሌላ እህት ወንድም አለዎት?»

አቶ ኅሩይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አንዲት ታናሽ አለችኝ። እንደሌለች ቁጠሪያት።»

«እኔ እንደሌለች ብቆጥራትም ሕጉ ይቆጥራታል። ድርሻዋም ከእርስዎ እኩል ነው።»

ታናሽ እህታቸው አፀደ ዋሊሰለን ነው የምትኖረው፤ ከእሳቸው ቤት ሩቅ አይደለም። አብዱልአዚዝን ካገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አቶ ኅሩይም ሃይማኖቱ ሌላ ነው ብለው ካኮረፏት ዘጠኝ ዓመት። የሻረግ ስትቀበር ከሕዝቡ ኋላ ለብቻዋ ቆማ አይተዋት፣ እንዳላዩ ሆነው አልፈዋት ነበር።

ዲቦራ ይህን አታውቅም። «አባትዎ ሲያርፉ ንብረቱን ማን አጣራው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«አጎቴ ነዋ። ታላቅ እኔ ነኝ አለና የጉለሌውን ቤታችንን ማንንም ሳያማክር ሸጠው። ማን ደፍሮ ይጠይቀው? እናቴ እኔን፣ የሻረግንና አፀደን ይዛ በአንዲት የኪራይ ክፍል...»

ንግግራቸውን አልጨረሱትም። አጎታቸውን ዕድሜ ልካቸውን ሲያማርሩ ኖረዋል፤ የእሱን ቃል በገዛ አፋቸው ሲናገሩ የሰሙት ግን ያን ዕለት ነው።

ባቡሩ ሎዛን ከተማ ሲደርስ አቶ ኅሩይ ስልካቸውን አወጡ።

«አፀደ፣ ኅሩይ ነኝ።»

«ጋሼ? ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«አላመመኝም። የእህታችንን ቤት ያለ አንቺ ልከፍት ነበር፤ ልክ አልሠራሁም። እስክትመጪ በሩን አልነካውም።»

ማልቀሷን ሰሙ። በመጨረሻ «ብቻዬን አልመጣም ጋሼ» አለች።

«እሱም ይምጣ» አሉ አቶ ኅሩይ።

ባለ መኪናውን ወዲያው ደውለው አሰናበቱት። በማግሥቱ ወንድምና እህት ከዲቦራ አለቃ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው የልደትና የሞት ማስረጃዎቹን አስረከቡ። የሻረግ የተወችውን ሁሉ አጣርተው ውርሱን መቀበላቸውን በፊርማቸው አረጋገጡ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ማረጋገጫው ሲወጣ የሁለቱም ስም በአንድ መስመር ሰፍሮ ነበር። ዐርብ የመለሳቸው ባንክ በሩን ከፈተ፤ አከራዩ የቤቱን ውል ማቋረጫ ተቀበለ፤ «ማን ወሰደው?» የሚል ሐሜት ቦታ አጣ። የሻረግን ቤት ሲያነሡ ከባዱን ቁም ሣጥን አራት ፎቅ ያወረደው አብዱልአዚዝ ነው። ከታች ሆነው ያገዙት ደግሞ አቶ ኅሩይ ናቸው።

ሟችን የሚያከብር ሰው ንብረቱን በዝምድና ብቻ አይነካም። ማስረጃ ማውጣት ዝምድናን መጠራጠር አይደለም፤ እያንዳንዱ ዘመድ በቦታው እንዲቆም ማድረግ ነው። አቶ ኅሩይ ይህን በማወቃቸው ንብረትም አልባከነም፤ ዘጠኝ ዓመት የጠፋች እህትም ተገኘች።

ወደ ዙሪክ በተመለሱ በሳምንቱ አቶ ኅሩይ የራሳቸውን ኑዛዜ ለመጻፍ ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው በገዛ እጅ መጻፍ እንዳለበት ዲቦራ ነግራቸዋለችና፣ ለሌላ ሰው አልሰጡም። አስፈጻሚ ከሚለው ሥር «እህቴ አፀደ» ብለው ጻፉ። ጥቂት አሰቡና ቀጠሉ፦ «እሷ ባትችል፣ ወንድሜ አብዱልአዚዝ።»